ሰዋስው ሳይጻፍ የጻፈችው ሴት

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ። ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። በልጅነታቸው በመርከብ ተሳፍረው ወደ ወጣቶች ደሴት ከሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዷ ነኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል፣ መጻፍ የሚፈልጉ ልጆች ይመጡብኛል። ደስ ይለኛል። ቡና አፍልቼ እናወራለን። ግን አንድ ነገር ይደጋግሙብኛል። «እትዬ፣ አማርኛዬ ገና ነው። መጀመሪያ እሱን ላስተካክል።» አንዷ እንዲያውም ሦስት ዓመት ሙሉ ስታስተካክል ቆይታ አንድ ገጽ አልጻፈችም። እንዲህ ባሉኝ ቁጥር የስፔኗ ገጣሚ ሮዛሊያ ደ ካስትሮ ትዝ ትለኛለች። ዛሬ ስለሷ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያገኘኋት በመምህሬ አፍ ነው። የስፓኒሽ መምህራችን ሴት አያት ከጋሊሲያ፣ ከስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ኩባ የተሰደዱ ነበሩ። ኩባውያን ከስፔን የመጣን ሰው ሁሉ «ጋዬጎ» ይሉታል፤ ጋሊሲያዊ ማለት ነው። ከዚያች ምድር የተሰደደው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ስሙ ለሌላውም ተረፈ። አንድ ቀን ማታ ልጆቹ አገራችን ናፍቆን ክፍል ውስጥ ማልቀስ ጀመርን። መምህራችን መጽሐፉን ዘጋ። ከአያቱ የሰማውን ግጥም በቃሉ አለልን። «አዲዮስ ሪዮስ፣ አዲዮስ ፎንቴስ» ብሎ ጀመረ። ስፓኒሽ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጋሊሲኛ ነው፤ የሮዛሊያ ግጥም።

ግጥሙ መንደሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው ስንብት ነው። ወንዞችን ደህና ሁኑ ይላል። ምንጮችን ደህና ሁኑ ይላል። ቀጥሎ እያንዳንዷን ነገር በስሟ ይጠራል። የጓሮ አትክልቱን፣ በእጁ የተከላቸውን በለሶች፣ በቼስትነት ዛፎች መሃል ያለውን ወፍጮ፣ የትንሿን ቤተ ክርስቲያን ደወል። ለፍቅረኛው ከእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ለቅሞ የሰጣትን እንጆሪ እንኳ አይረሳም። እኔ ያን ማታ ያሰብኩት የእናቴን ጓሮ ነው። ጎመኑን፣ ጤና አዳሙን፣ ዶሮ እንዳይገባ የታጠረችውን አጥር።

ሮዛሊያ የተወለደችው በየካቲት 1837 ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ውስጥ ነው። አባቷ ቄስ ነበሩ። ካቶሊክ ቄስ እንደማያገባ ታውቃላችሁ። እናቷ ደግሞ ክብሩ እንጂ ሀብቱ ካልቀረለት የባላባት ቤት ነበሩ። ስለዚህ በጥምቀት መዝገቡ ላይ ወላጆቿ የማይታወቁ ተብሎ ተጻፈ። ሕፃኗን የአባቷ እህቶች ወሰዷት። ኦርቶኞ በምትባል የገጠር መንደር አደገች። እናቷ ኋላ ወስደው አሳደጓት እንጂ የመጀመሪያ ዓመታቷ ያለፉት ከገበሬዎች መሃል ነው። የሕይወት ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጊዜ እንደ ሐዘን ብቻ ሲያልፉት አይዋጥልኝም። እኔ እንደማምነው፣ ያ አፏ የተፈታው እዚያ ነው።

ጋሊሲኛ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ቋንቋ ነበር? በ13ኛው ክፍለ ዘመን የካስቲያ፣ የመሃል ስፔን፣ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ እንኳ ለእመቤታችን የሚዘምርበት፣ የቤተ መንግሥት የግጥም ቋንቋ ነበር። ከዚያ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ስብከቱ በካስቲያ ስፓኒሽ ሆነ። ጋሊሲኛ ወደ ማድ ቤትና ወደ እርሻ ተባረረ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚጽፍበት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጋሊሲያውያን ራሳቸው ይህን ዘመን የጨለማው ክፍለ ዘመናት ይሉታል። ሰው ከተማ ሲገባ የሚያፍርበት ንግግር ሆኖ ቀረ።

በ1863 የ26 ዓመቷ ሮዛሊያ «ካንታሬስ ጋዬጎስ»ን አሳተመች። የጋሊሲያ ዘፈኖች ማለት ነው። መጽሐፉ ቪጎ ከተማ ታተመ። ከዳር እስከ ዳር ጋሊሲኛ ነው። ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል። ሰው በሠርግ፣ በእርሻ፣ በወፍጮ ቤት የሚያዜመውን ሁለት ሦስት ስንኝ ትወስዳለች። ከሱ ላይ ተነስታ ረጅም ግጥም ትሠራለች። ካስቲያ አጨዳ ሄደው ተዋርደው ስለተመለሱ የቀን ሠራተኞችም በቁጣ ጽፋለች።

እኔን የሚገርመኝ ግን መቅድሙ ነው። ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። ይቅርታ ትጠይቃለች። ሰዋስው የለኝም፣ ሕግ የለኝም፣ የፊደል ስህተት ታገኛላችሁ ትላለች። ከድሆቹ የመንደራችን ሰዎች ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም ትላለች። እውነቷን ነው። የመጀመሪያው የታተመ የጋሊሲኛ ሰዋስው የወጣው በ1864 ነው፤ ከሷ መጽሐፍ በኋላ። አያችሁ? መጀመሪያ ሰዋስው ልወቅ ብላ ብትቀመጥ ኖሮ የምትማርበት መጽሐፍ እንኳ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ኩባ የሚደርሰኝን ደብዳቤ የሚጽፍላት የጎረቤት ልጅ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ እናቴ ያለችውን አይጽፍም። ትምህርት ቤት የተማረውን ይጽፋል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ የእናቴን ድምፅ የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው። ልጁ ቸኩሎ ይሁን ደክሞት አላውቅም፣ መጨረሻው ላይ እንዳለችው ጻፈው። «ነጠላሽን ፀሐይ አስመትቼ መለስኩት።» በቃ። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። የተቀሩት የት እንደገቡ እንጃ።

ሮዛሊያ የሠራችው ያችን መስመር ነው። መጽሐፍ ሙሉ። የሚጽፈው ሰው ገና ከአፍ ወደ ወረቀት ሲያሻግረው የሚያሳምረውን፣ የሚያርመውን፣ የሚገድለውን ነገር እሷ እንዳለ ተወችው።

ሁለተኛው የጋሊሲኛ መጽሐፏ «ፎያስ ኖቫስ» በ1880 ወጣ። አዳዲስ ቅጠሎች። ይህ ከባድ ነው፤ ለጀማሪ አልመክርም። ወንዱ ወደ ኩባና ወደ አርጀንቲና ሲሄድ የቀሩትን ሴቶች ጻፈች። አንዱን ክፍል «በሕይወት ያሉ ሰዎች መበለቶችና የሙታን መበለቶች» አለችው። ባሏ አልሞተም። ግን የለም። ታርሳለች፣ ታጭዳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ደብዳቤ ትጠብቃለች። ሀቫና የነበሩት ስደተኞች ደግሞ መጽሐፉን እንደ ራሳቸው አድርገው ተቀበሉት። የመምህሬ አያት ግጥሟን በቃል መያዛቸው አይግረማችሁ።

ኑሮዋ አልተመቻትም። በ1858 ማኑኤል ሙርጊያ የሚባል ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ አገባች። ሙርጊያ ጻፊ፣ አሳትሚ እያለ የሚገፋፋት ሰው ነበር፤ ይህን ላመስግንለት። ሥራው ግን ከከተማ ከተማ ያንከራትታቸው ነበር። ሰባት ልጆች ወለደች። አንዱ፣ አድሪያኖ፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወድቆ ሞተ። የመጨረሻዋ ሞታ ተወለደች። እሷም ጤና አልነበራት። በ1865 ባሳተመችው አንድ የደብዳቤ ጽሑፍ ውስጥ፣ ሴት ስትጽፍ ሰው ምን እንደሚላት በምሬት ተናግራለች። ባሏ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ ጉዱ ይብሳል፤ እሱ ጻፈላት ይባላል። ሴቶች ልጆቼ፣ ይህን ያነበብኩ ቀን ደብተሬን አስቀምጬ ትንሽ በእግሬ ሄድኩ።

የሚያመው ግን ሌላ ነው። በ1881 በአንድ የማድሪድ ጋዜጣ ላይ ስለ ጋሊሲያ ባሕር ዳርቻ ሰዎች አንድ የቆየ የእንግዳ አቀባበል ልማድ ጻፈች። ልማዱ ሴቶችን የሚነካ ነበርና አዋረደችን ተብሎ ጩኸት ተነሳ። የጮኸባት ማድሪድ አይደለም፤ የገዛ አገሯ ሰው ነው። ከእንግዲህ በጋሊሲኛ አልጽፍም አለች። ቃሏንም ጠበቀች። የመጨረሻው የግጥም መጽሐፏ በ1884 የወጣው በስፓኒሽ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልትፈሩ አይደለም። የራሳችሁን ሰው ቋንቋ ይዛችሁ ስትወጡ ጭብጨባ ብቻ አትጠብቁ ልላችሁ ነው። እሷ ተጎዳች። ብትተወውም አልፈርድባትም። ግን ከመተውዋ በፊት ሁለቱን መጽሐፎች ጨርሳ ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 1885 በ48 ዓመቷ ፓድሮን አጠገብ ባለው ቤቷ በካንሰር ሞተች። ያልታተሙ ጽሑፎቿን አቃጥሉልኝ ብላ ልጆቿን ለምና ነበር። አቃጠሉላት። በግጥሟ ባወደሰችው በአዲና መቃብር ቀበሯት፤ በ1891 ግን አጽሟን ወደ ሳንቲያጎ ወሰዱት። የመጀመሪያው የጋሊሲኛ መጽሐፏ የመታሰቢያ ገጽ ግንቦት 17 ቀን 1863 ይላል። ያች ቀን ከ1963 ጀምሮ የጋሊሲያ ሥነ ጽሑፍ ቀን ሆናለች። ዛሬ ቋንቋው በሕግ ከስፓኒሽ ጎን የቆመ ነው፤ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል።

ያን የስንብት ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንድ ቦታ ሁልጊዜ ያስቆመኛል። ተሰናባቹ ዙሪያውን እያየ «የዓይኖቼ እይታ፣ ደህና ሁን» ይላል። «የዓይኖቼ እይታ» ቃሉን ይዟል፤ ግን ሞቷል። «የማየው ሁሉ» አልኩት። «አድማሴ» አልኩት። መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። ከዚያ ተውኩት። ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት ሄድኩ። አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ደጅ አውጥቼ አስቀመጥኳት። ከጓሮው አልፎ ወደ ወንዙ ታይ ወደነበረበት ፊቷን መለሰች። «ይሄ እኮ ነው የዓይኔ ማረፊያ» አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ፈለግኩ። አልያዝኩም ነበር። ከጎረቤት ልጅ ተበድሬ በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት።