ጥያቄና መልስ፦ «ሆዴን ሲል የሰማው የለም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ሆዴን ሆዴን ማለት ከጀመረ ግን ቆይቷል። «አንጀቴ ውስጥ እባብ ይሄዳል» ስላለ፣ ያው ሕመሙ ነው ብለን ተውነው። የወሰድነው ክሊኒክም የአእምሮ መድኃኒቱን መጠን ጨመረለት እንጂ ሆዱን አላየለትም። በመጨረሻ ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰው በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ተደረገ። አንጀቱ ውስጥ ብዙ ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሥጋ) ተገኘ፤ «ፒውትዝ ጄገርስ» ይባላል አሉን። የአእምሮ ሕመሙ ከዚህ የመጣ ነው? እኛስ እንመርመር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፈላችሁ። ስኪዞፍሬኒያ የዚህ በሽታ ምልክት አይደለም። ሁለት ሕመም አንድ ሰው ላይ ገጥሞ ነው።

እባቡን ግን አትናቂው። አንጀት ፖሊፑን እንደ ምግብ ወደ ታች ሊገፋው ይሞክራል፤ ፖሊፑ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ስለተያያዘ፣ ልብስ ሲያወልቁ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚገባው፣ አንጀቱን እየጎተተ ቀጥሎ ባለው አንጀት ውስጥ ይከተዋል። ቁርጠቱ መጣ ሄደ የሚለውም አንዳንዴ በራሱ ስለሚላቀቅ ነው። እና ልጁ የተሰማውን ነው የተናገረው፣ በራሱ ቋንቋ! ደግሞ ብዙ የአእምሮ መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። ጫትም ያደርቃል (ጅማ ነንና)። ስለዚህ «ድርቀት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወደ እናንተ ስመጣ፣ አዎ ተመርመሩ። የሆላንዱ ሐኪም ፒውትዝ በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ሲጽፍ የጻፈው ስለ አንድ ቤተሰብ ነበር። መንስኤው ኤስቲኬ11 በሚባል ዘረ መል ላይ የሚፈጠር ለውጥ ነው፤ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በዘር የሌለበት ሰው ላይም እንደ አዲስ ሊነሳ ይችላል። ከንፈር ዙሪያ፣ ጉንጭ ውስጥና ጣት ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ለሐኪም አሳዩ። የከንፈሩ ከጉርምስና በኋላ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ የለብኝም ብላችሁ አትቅሩ። በቤተሰቡ ውስጥ ልጆች ካሉ የኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሆድ ዕቃን ማየት) ክትትል ከ8 ዓመት ገደማ ይጀመራል። የአንጀት፣ የቆሽትና የጡት ካንሰር ዕድሉም ከፍ ስለሚል፣ አንቺም የጡት ምርመራ ጉዳይን አንሺ።

የአእምሮ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምናም የሥነ አእምሮም ክፍል ስላለው፣ ሁለቱ ሐኪሞች እንዲነጋገሩ ጠይቁ፤ በተለይ ለኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ለማየት) አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ከመጠጣቱ በፊት። የደም ማነሱንም አስለኩት፤ ፖሊፕ ቀስ እያለ ይደማል። ቁርጠቱ ከማስመለስ ጋር ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ሰገራና ፈስ ከቆመበት፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ይህን ሁሉ ግን መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት፤ ሆዱ የእሱ ነው፣ ቀጠሮውንም እሱ ይወቀው።