መልስ፦ ስካርሌትን መውደድ አቃተኝ፤ መጽሐፉን ልተወው?

እህቴ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ስካርሌት ኦሃራ አንጀትሽን ስላሳረረችው «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የ«Gone with the Wind» የአማርኛ ትርጉም) ልተወው ወይ ብለሻል። እባክሽ አትተዪው። እሷን የመውደድ ግዴታ ግን የለብሽም።

ክፋቷን አላስተባብልም። ቻርልስን ያገባችው የምትወደው አሽሊ ሌላ ሴት ስለመረጠ በእልህ ነው። ለቤተሰቧ እርሻ ለታራ ግብር 300 ዶላር ሲቸግራት ደግሞ የገዛ እህቷን እጮኛ ዋሽታ ወሰደችው። ያበሽቃል።

መጋረጃው ጋ ደርሰሻል? ከአረንጓዴ ቬልቬት መጋረጃ ቀሚስ አሰፍታ፣ ገንዘብ ልትጠይቅ ሀብታሙ ሬት ወደታሰረበት ትሄዳለች። ደልቶኛል ትለዋለች። ሊያምናት ምንም አልቀረውም። ከዚያ እጇን ይዞ መዳፏን ገልበጥ አድርጎ ያየዋል። ሻክሯል፣ በሥራ ብዛት ጠጥሯል። ውሸቷ እዚያው አለቀ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ አንጀቴን በላችው።

ሜላኒንም አስቢ። አሽሊን ያገባችባት ሴት ናት፤ ስካርሌት ዓይኗን ማየት አትፈልግም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አትላንታ ስትጋይ ግን አራሷን ጥላት አልሸሸችም። ይህን ሁሉ ያደረገችው እየተነጫነጨች ነው፤ ለዚህም ነው የማምናት።

የኔ ትልቁ ቅሬታ በደራሲዋ ላይ ነው። ማርጋሬት ሚቸል በ1936 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው በዚህ መጽሐፍ ባርነትን አቆንጅታዋለች። ጥቁሮቹን የሳለችበት መንገድ ያማል። ይህን እያወቅሽ አንብቢው።

ነቢይ መኮንን የተረጎመው በደርግ ጊዜ ታስሮ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። አማርኛው ብቻውን ይዞሽ ይሄዳል። የጦርነቱ ትረካ ከከበደሽ ቶሎ ቶሎ እለፊው፤ ሬትና ስካርሌት የሚነጋገሩበትን ግን እንዳትዘዪ።