አክሪዲቴሽን ሊመጣብን ነው፣ ከየት እንጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ትምህርት ቤታችሁን የውጭ ገምጋሚዎች ለአክሪዲቴሽን፣ ማለትም ለእውቅና፣ በስድስት ወር ውስጥ ሊያዩት ነው፣ የጥራት ማረጋገጡን ስራ አንቺ ላይ ጣሉት፣ ዲኑ ፋይል ማደራጀት ጀምሪ አለሽ፣ አንቺ ደሞ ይሄ ነገር ከወረቀት ያለፈ ጥቅም አለው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ተገምጋሚም ገምጋሚም ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ቢልብሽም ታገሺኝ።

ጥቅምማ አለው፣ ግን ዋናው ጥቅም ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ሳምንት ሳይሆን ከዛ በፊት እናንተው ራሳችሁን በምታዩበት ጊዜ ነው ያለው፣ ሴልፍ ስተዲ የምንለው። እሱን አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ብቻውን ከጻፈው ገምጋሚው ሁለት ገጽ ሳያነብ ይነቃበታል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስታንዳርድ (መመዘኛ) ስር "ተሟልቷል" ይላል፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት ትምህርት ቤት ደሞ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚ ፋይሉን ለጊዜው ተይውና ከሎግቡክ ጀምሪ፣ ተማሪዋ የሰራችውን እየመዘገበች የምታስፈርምበት ደብተር ማለት ነው። የመጨረሻ አመት ተማሪዎችን ሎግቡክ ሰብስቢና አገላብጪ። አንድ ትምህርት ቤት ስንገመግም የአንዷ ተማሪ የማዋለጃ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ነው፣ ፊርማውም ያው የአንድ ሰው፣ ቀኖቹ ግን የተለያዩ፣ አንዱ ቀን እንደውም ልጅቷ ለማህበረሰብ ጤና ልምምድ ወጥታ የነበረችበት ሳምንት ላይ ነው የሚወድቀው። ለብቻዋ ስናናግራት ምንም አልደበቀችም። ዋርዱ (የሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል) ውስጥ የሶስት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንድ አልጋ ከበው ነው የሚቆሙት፣ በራሷ እጅ ያዋለደችው ጥቂት ነው፣ ሌላውን ቆማ ነው ያየችው፣ ፕሪሴፕተሯም፣ ዋርድ ላይ የምታሰለጥናት አዋላጅ ማለት ነው፣ ፋታ አጥታ ከርማ በመጨረሻው ቀን ሁሉንም ባንዴ ፈርማ ሰጠቻት። እኔ በሁለቱም መፍረድ አልቻልኩም። ችግሩ ተማሪ ሲቀበሉ ሆስፒታሉ በወር ስንት እናት ያዋልዳል ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

አንቺ ይሄንን ጠይቂ። ተማሪ የምትልኩባቸው ቦታዎች በወር ስንት ወሊድ አላቸው፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ተደምሮ ስንት ተማሪ ይካፈለዋል፣ ካሪኩለማችሁ (ስርአተ ትምህርታችሁ) ደሞ አንድ ተማሪ ስንት እንድታዋልድ ያዛል፣ ቁጭ ብለሽ አስይው። ካልደረሰ ወይ የማታ ተረኛ ታስገባላችሁ ወይ ተጨማሪ ጤና ተቋም ትፈልጋላችሁ ወይ የተማሪ ቁጥር ትቀንሳላችሁ፣ ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም። የአለም አቀፉ የሚድዋይፎች ኮንፌደሬሽን በፈረንጆቹ 2010 ባወጣው ስታንዳርድ ከካሪኩለሙ ቢያንስ 50 በመቶው ተግባር፣ ቢያንስ 40 በመቶው ቲዎሪ መሆን አለበት ይላል፣ ወረቀት ላይ ይሄን ማሟላት ቀላል ነው፣ ዋርድ ውስጥ ግን ቆሞ ማየትም ተግባር ተብሎ ይቆጠራል እና እዛ ላይ ነው የሚበላሸው።

ከዛ ስኪል ላብ፣ ማለትም ተማሪዎች በአሻንጉሊት የሚለማመዱበት ክፍል፣ ግቢ። ኒኦናታሊ የምትባለዋ የህጻን ማኔኩዊን ቁምሳጥን ውስጥ ከነፕላስቲኳ ተቆልፎባት ያየሁበት ቦታ አለ፣ እንዳትበላሽ ተብሎ! ያልተነፈሰ ህጻን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት) አየር ማግኘት መጀመር አለበት፣ ማስኩን ገጥማ ደረት ሲነሳ አይታ የማታውቅ ልጅ ያቺን ደቂቃ እንዴት ነው የምትደርስባት? የቁልፉን ነገር ዛሬውኑ አስተካክዪ፣ ማታም ቅዳሜም ተማሪው ገብቶ መለማመድ መቻል አለበት።

ፈተና ላይ ብዙ አልልም። ኦስኪ፣ ተማሪ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በተግባር የሚፈተንበት ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ 1975 ሀርደንና ጓደኞቹ ካስተዋወቁት ጀምሮ የቆየ ነገር ነው፣ ግን ጣቢያ ደርድሮ ቼክሊስት ማደል ብቻውን ኦስኪ አያሰኘውም፣ ብሉፕሪንት (የትኛው ጣቢያ የትኛውን ችሎታ እንደሚፈትን የሚያሳይ እቅድ) ይኑራችሁ፣ ፈታኞቹም ከፈተናው በፊት አብረው ተቀምጠው ይግባቡ። የጽሁፍ ፈተና ላይ ደሞ አይተም አናሊሲስ ስሩ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ማን አገኘው ማን ሳተው ብሎ ማየት ነው፣ ጎበዞቹ ሲስቱት ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ ካለ መጀመሪያ መልሱን ቼክ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ የመልስ ቁልፉ ስህተት ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄሽ ስር አንድ ወንድማችን "ደብሊውኤፍኤምኢ ነው እውቅና የሚሰጠው" ብሎ ጽፏል፣ ደብሊውኤፍኤምኢ (የአለም የህክምና ትምህርት ፌደሬሽን) እንኳን ትምህርት ቤት አያጸድቅም፣ የሚያየው የህክምና ትምህርት ቤቶችን የሚያጸድቁትን ኤጀንሲዎች ነው፣ የናንተ ጉዳይ ከሱ ጋር አይገናኝም።

በመጨረሻ ድክመታችሁን እንዳለ ጻፉት። ዲኑ ይዘጉናል ብሎ ሊፈራ ይችላል፣ ፍርሀቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ፍሌክስነር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1910 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 155 የህክምና ትምህርት ቤቶችን አይቶ ሪፖርት ካወጣ በኋላ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ጥቁር ሀኪሞችን ከሚያሰለጥኑት 7ቱ ውስጥ የተረፉት ሀዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው፣ ደግፎ ከማቆም ይልቅ መዝጋት ስለቀለለ። እኔ ገምጋሚ ሆኜ ስሄድ የሚያስፈራኝ ግን የተጻፈ ድክመት ሳይሆን የተደበቀው ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ "ፕሪሴፕተር ይሰልጥን" ተብሎ ተወስኖ ከዛ በኋላ ማን እንዳሰለጠነ፣ ምን እንደተለወጠ አንድ መስመር ካልተገኘ ኮሚቴው አለ ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ክፍተት ስር ማን፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው በጀት ብለሽ ጻፊና ዲኑን ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት አስፈርሚው፣ በቃል እሺ ቢልሽ እንዳትቀበዪ። የወሊድና የተማሪ ቁጥር የምናሰላበት ኤክሴል አለኝ፣ ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝና እልክልሻለሁ።