ዜማ የግጥሙን ትርጉም እንዴት ይሸከማል? ስለ ፎክ ሮክ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ የፎክ ሮክ፣ ማለትም የሕዝብ ዘፈንን ከሮክ ጋር ያዋሐደው ሙዚቃ፣ ዜማው ከግጥሙ ጋር ይሄዳል ሲባል፣ ደስታ በሜጀር (ብሩህ በሚመስለው የኖታ ቅኝት) ሐዘን በማይነር (በሚያዝነው ቅኝት) ይዘፈናል ማለት ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፎክ ሮክ ከሕዝብ ዘፈን የወረሰው ዋና ጠባይ አንዱን ዜማ ለብዙ ስንኞች ደጋግሞ መጠቀም ስለሆነ፣ ዜማው እያንዳንዱን ቃል እየተከተለ ሊቀያየር አይችልም። ስለዚህ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተውለው ድምፁ ከፍ የሚልበትንና የሚያርፍበትን ቦታ፣ እዚያም ላይ የትኛው ቃል እንደተቀመጠ ነው።

ጥያቄ፦ በምሳሌ ቢያስረዱን?

መልስ፦ አሜሪካዊው ድምፃዊ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» እንውሰድ። ዘፈኑ በምቾት ትኖር የነበረችና በኋላ ሁሉን ያጣች ሴትን ያናግራል። የቀድሞ ክብሯ በሚነሣባቸው የመጀመሪያ ስንኞች አጃቢው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች ስብስብ) ከዶ ተነሥቶ በሬ፣ በሚና በፋ በኩል ደረጃ በደረጃ እስከ ሶል ይወጣል። ዛሬ ድምጿ ዝቅ ማለቱንና ኩራቷ መብረዱን በሚናገሩት ስንኞች ግን መንገዱ ይገለበጥና ከፋ ወደ ሚ፣ ወደ ሬ፣ ወደ ዶ ይወርዳል። እንግሊዝኛ የማያውቅ አድማጭ እንኳ መውጣቷንና መውረዷን በጆሮው ሊከተል ይችላል፤ በዘውጉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ይህ የአጃቢው ሥራ ነው እንጂ የድምፃዊው ዜማ አይደለም።

መልስ፦ ተገቢ አስተያየት ነው። ዲላን ስንኞቹን ለንግግር በቀረበ አኳኋን ያጣድፋቸዋል፤ የድምፁ ድርሻ ጎልቶ የሚወጣው አዝማቹ ላይ ሲደርስ፣ ምን እንደሚሰማት የሚጠይቀውን ሐረግ በማስረዘሙ ነው። በድምፅ ብቻ የተሠራውን ለማየት የሁለቱ ድምፃውያን የሳይመንና ጋርፈንከል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» ይሻላል። የመጀመሪያው ሐረግ ከዝቅተኛ ኖታ ተነሥቶ እያንዳንዱን ኖታ ሁለት ሁለት ጊዜ እየመታ ይወጣል፤ ሁለተኛው ያንኑ ቅርፅ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። ይህ ቁጥብ አካሄድ ጨለማን እንደ ወዳጅ ለሚያነጋግር ሰው የተገባ ነው። ያየው ራእይ በአእምሮው መተከሉን ሲናገር ዜማው ከፍ ይላል፤ ስንኙ «ዝምታ» በሚለው ቃል ሲዘጋ ደግሞ ወደ ተነሣበት ኖታ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲገባበት ይህ አልተበላሸም?

መልስ፦ አልተበላሸም። በ1964 ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተቀዳው ድምፅ ሳይነካ፣ አዘጋጁ ቶም ዊልሰን በ1965 ድምፃውያኑን ሳያማክር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ጨመረበት። ምቱ ጠነከረ እንጂ ቃላቱ የሚያርፉበት ኖታ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሐዘንና ደስታ በአንድ ዜማ ሲዘፈኑ እንደ ጉድለት አይቆጠርም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። የሕዝብ ዘፈን ድምፃዊው ፒት ሲገር ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ወስዶ ዜማ የሠራለትን፣ የሙዚቃ ቡድኑ ዘ በርድስ በ1965 ያቀነቀነውን «ተርን! ተርን! ተርን!» ያድምጡ። የመወለድና የመሞት፣ የመግደልና የመፈወስ ጥንዶች በአንድ የዜማ ሐረግ ይዘፈናሉ። መክብብ «ለሁሉ ዘመን አለው» እያለ አንዱን ከሌላው አያስበልጥምና፣ ዜማው ለሞት ቢያለቅስ ለልደት ቢፈነጥዝ ኖሮ ቃሉን በተቃረነው ነበር።

ጥያቄ፦ ጆሮዬን እንዴት ላለማምድ?

መልስ፦ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ያለ ቃላት ያንጎራጉሩትና ከፍ ያለበትንና ያረፈበትን ቦታ ይያዙ፤ ከዚያ ግጥሙን አውጥተው በእነዚያ ቦታዎች ላይ የወደቁትን ቃላት ብቻ ያስምሩባቸው።