ወንድሜ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት ተብሎ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ወጥቷል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ድምፅ መስማቱም ቀርቷል። ግን እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ሲነሳም ዝም ብሎ ይቀመጣል። እማዬ እንግዳ ፊት ሳይቀር «እኩዮችህ ሠርተው ይበላሉ፣ አንተ አልጋ ታሞቃለህ» ትለዋለች። አሁን ደግሞ «ያደነዘዘው መድኃኒቱ ነው፤ ይቅርና ጸበል እንውሰደው» ብላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ልጃቸው ሰነፍ እንዳልሆነ ንገሪልኝ። ድምፅ መስማትና ሰውን መጠርጠር የሕመሙ አንድ ገጽ ነው፤ መድኃኒት የሚይዘው በአብዛኛው እሱን ነው። ዝምታው፣ ምንም ነገር ለማድረግ አለመነሳሳቱ ሌላው ገጽ ነው። ይኸኛው ለመድኃኒት እምብዛም አይበገርም። በቁጣማ ጭራሽ።

እንቅልፉ ግን ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላል። በቀጠሮው ቀን አብረሽው ግቢና ሐኪሙን «ማታ ቢወስደውስ? መጠኑስ ይታይልን?» በይው። በራሳችሁ አታቁሙት።

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጆርጅ ብራውን የሚባል ሶሲዮሎጂስት ለንደን ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። ሕመሙ ይበልጥ ያገረሸው ወላጆቻቸው ወይም ሚስቶቻቸው ቤት በተመለሱት ላይ ነው። ከወንድም ከእህት ጋር ወይም ኪራይ ቤት የገቡት ይሻሉ ነበር። ወላጆቹና ሚስቶቹ ፍቅር አንሷቸው አይደለም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ነገሩን ግልጽ አደረጉት፤ ነቀፌታ የበዛበት ቤት ያገረሽበታል። «አትውጣ፣ አትንካ፣ እኔ ላጉርስህ» የሚበዛበትም እንዲሁ። እናትሽ በሽታውን አላመጡትም፤ ይህን እያለቀሱ የጠየቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የሚናገረው እናት ብቻ አይደለም። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ መካሪ ነው (አክስት የሚባለውንማ ተዪው)። ስለዚህ እንግዳ ፊት ስለ እሱ አይወራ። አንድ ትንሽ ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ ከሰዓት ዳቦ መግዛት። ከረሳ ዝም በሉ። ከገዛ «ትኩሱን ነው ያገኘኸው» ማለት ይበቃል።

ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ክኒኑ ግን አብሮት ይሂድ። ጸበል ቦታ ሄደው መድኃኒት አቁመው፣ ብሶባቸው ዋርድ የተመለሱ ብዙ ሰዎች ተቀብያለሁ። አስቀድማችሁ አባን አነጋግሯቸው፤ መድኃኒቱንም ውሰዱ የሚሉ አባቶች አሉ። በሰንሰለት የሚታሰርበት ቦታ ከሆነ ግን አትውሰዱት።

ጫት እንዳይቅም ጓደኞቹን አንቺ አነጋግሪ፤ ከእናትሽ ይልቅ አንቺን ይሰሙሻል። ሌሊት መተኛት ካቆመ፣ ብቻውን ማውራት ከጀመረ ወይም የቀረበለትን ምግብ ከጠረጠረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በነጋታው ውሰዱት።