በጊዮርጊስ ስም ልጄን ክጃለሁ፤ አሁን ቤቴ ባስገባው ይፈረድብኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ልጄ የአንገት ወርቄን ሰርቆ ሸጠብኝ። በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሜ «ከእንግዲህ ልጄ አይደለም፤ ቤቴ ባስገባው ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» ብዬ ማልኩ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቡና ሳፈላ እስከ ዛሬ የሱን ሲኒ እደረድራለሁ። ሰሞኑን አሞኛል ብሎ ደወለ። መሐላውን ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ያስገቡት።

እንዲህ ያለ ጭንቀት ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። በሰማዕቱ ስም የተማለ ነገር ክፉም ቢሆን መፈጸም ያለበት ይመስላቸዋል። ሄሮድስን ያስታውሱ። በልደቱ ቀን በእንግዶቹ ፊት ማለ። የዮሐንስን ራስ ሲጠይቁት አዘነ ይላል ማቴዎስ። ቢያዝንም «ስለ መሐላው» ብሎ አስቆረጠው። ቃሉን ጠበቀ፣ ነፍሰ ገዳይም ሆነ። መስከረም 2 የምናስበው ዮሐንስን ነው፤ ሄሮድስን ቃል አክባሪ ብሎ ያመሰገነው የለም። ጊዮርጊስም ስለ ክርስቶስ የተሠቃየ ሰማዕት ነው። እናትን ከልጇ ለመለየት ዋስ አይቆምም።

ጥፋትዎ መማልዎ ነው። ጌታ «ከቶ አትማሉ» ብሏልና ለዚህ ንስሐ ይግቡ።

«ክጃለሁ» ያሉትንም ቃል ልብ ይበሉት። በአማርኛችን ልጅም ይካዳል፣ ሃይማኖትም ይካዳል። ቅዱስ ጳውሎስም ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ «ሃይማኖትን የካደ» ነው ይላል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። አባትና እናቱን፣ ልጆቹንም የማይጠላ የሚለውን የሉቃስ ወንጌል ቃል የሚጠቅሱልኝ አሉ። ያ ዘመድን ከክርስቶስ ለሚያስቀድም ሰው የተነገረ ነው። ወርቅ ከሰረቀ ልጅ ጋር ምን አገናኘው?

ስርቆቱን አላቃልልም። ቁም ሳጥንዎን ይቆልፉ፣ ገንዘብ በእጁ አይስጡት። ውርሱ ካሳሰበዎት እሱ የሕግ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጁን ከውርስ የሚነቅል ተናዛዥ ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍ ያዛል። እንዲያም ሆኖ ከውርስ የተነቀለ ልጅ ከእናቱ ማኅፀን አልተነቀለም።

ያቺ ሲኒ ልቤን ነካችው። አፍዎ የካደውን እጅዎ አልካደም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኒውን ደርድሯል።

ንስሐ አባትዎን ነገ ያገኟቸዋል። ለልጅዎ ግን ዛሬውኑ ይደውሉ። አጥሚት ያዘጋጁለት፣ ይተኛ። የወርቁን ነገር ሲያገግም ትነጋገራላችሁ።