በወንድሜ ሕመም እንስቃለን፤ ኃጢአት ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። እኛ ቤት በዚሁ ይቀለዳል። ባለፈው አቦል ሲቀዳ ወደቀ። ሲነቃ ዙሪያውን አየና «ቶናዋ አመለጠችኝ? በሉ በረካዋን እንኳ አትከልክሉኝ» አለ። እናታችን እያለቀሰች ሳቀች። አክስታችን ግን «ሰይጣን በጣለው ሰው መሳቅ ኃጢአት ነው» ብለው ተቆጡ። ጠበል ሲጀምርም ኪኒኑን ያቁም ይላሉ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ልንሄድ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከሳቁ ልጀምር። ቀልዱን ያመጣው ማን ነው? ወንድምሽ ራሱ። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ዘሌዋውያን 19፥14 ደንቆሮውን መስደብ፣ በዕውር ፊትም ዕንቅፋት ማኖር ይከለክላል። መልስ መስጠት በማይችል ሰው መጫወት ነውር ነውና። ወንድምሽ መሬት ላይ ወድቆ እያለ ቢሳቅበት፣ ወይም በሰፈር ስሙ ቀርቶ በሕመሙ ቢጠራ፣ ኃጢአቱ እዚያ ጋ ነው። ነቅቶ፣ አፉን ጠርጎ ስኒ ሲጠይቅ አብራችሁት ብትስቁ ግን ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? «ደስ ያላት ልብ መልካም መድኃኒት ናት» ይላል ምሳሌ 17፥22። ደግሞ የማይስቅበት ቀን ይኖራል፤ ያን ቀን ተዉት። እንግዳ ፊትም እናንተ አትጀምሩበት።

አክስትሽ ማርቆስ 9ን አስበው ይሆናል። እዚያ አንድ አባት የሚጥለውን ልጁን ወደ ጌታ ያመጣል፤ የዚያን ልጅ ሥቃይ ወንጌሉ ከርኩስ መንፈስ ነው ይላል፤ አንሸፋፍነውም። ማቴዎስ 4፥24 ግን አጋንንት ያደሩባቸውንና «በጨረቃ የሚነሣባቸውን»፣ ማለትም የሚጥላቸውን፣ ለየብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ የወደቀ ሁሉ ጋኔን ይዞታል ማለት አይደለም። ጌታ አይቶ ያውቃል። እኛ ማን ነንና በጎረቤት ልጅ ላይ እንፈርዳለን? ሕመሙ የአንጎል ነው፤ በትንፋሽም በአረፋም አይተላለፍም።

ኪኒኑን ያቁም የሚለውን ግን አትስሟቸው፤ በአክብሮት እምቢ በሉ። ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ እየደጋገመ ጥሎ እስከ ሞት ያደርሳል። ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይም አይንቀውም ይላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። የወንድምሽም ነገር ያው ነው። ሰዓቱ ጠበል ቦታ ከደረሰበት፣ በዚያው በጠበሉ ይዋጠው። በጾምም ሰዓቱን አያዛንፍ፤ ሕመምተኛ የጾም ግዴታ የለበትም። ማኅሌት ቆሞ ማደሩ ግን ይቅርበት፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል።

የማርቆሱ አባት ስለ ልጁ ሲናገር «ወደ እሳትም ወደ ውኃም ጣለው» ይላል። የእናንተም ሥራ ይኸው ነው፤ ከእሳትና ከውኃ መጠበቅ። ምድጃ አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ። ጣና ዳር ሄዶ ብቻውን አይዋኝ። ጠበል ሲገባም አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም።

ሲወድቅ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ጭሱ ምንም አይፈይድም። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፤ ጥርሱ ይሰበራል። እጅና እግሩንም አትያዙት። ከራሱ በታች ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አዙሩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል ውሰዱት።

ዘጌ ሂዱ፤ በረከት ነው። ጀልባ ላይ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም እስክትወርዱ አያውልቅ። ለባለ ጀልባውም ሳትሳፈሩ ንገሩት።